ምሕረት በየሲዝኑ

ዘንድሮ ሰው ይቅር ማለት አቅቶታል እያላችሁ የምታማርሩ ሁሉ የተረት ድራማ አድናቂ አታውቁም ማለት ነው። እኔ ከአንዷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እኖራለሁ። ታናሽ እህቴ ናት። እንደሷ ይቅር ባይ ፍጥረት እስካሁን አልገጠመኝም። አንዲት ሴት የገዛ አባቷን ገድላ ልቡን ለእርግማን ቅመም ስታደርገው ትራሷን አቅፋ ታይና፣ «ውይ የኔ ቆንጆ፣ እሷ እኮ ተጎድታ ነው» ትላለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ። እንባው ለሟቹ መስሎኝ ነበር። ለገዳይዋ ነው። «አባቷን እኮ ነው የገደለችው» ስላት መልስ አላጣችም። «ቢሆንም ያሳደገችውን ልጅ በአባቷ ስም ሰይማዋለች፣ ሄንሪ ብላ። ይሄ ፍቅር ካልሆነ ምንድን ነው?» እኔ እንጃ። እንዲህ ያለ ጠበቃ ያላት ክፉ ሴት ግን ታድላ!

ነገሩ ላልገባችሁ፣ ድራማው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም» ነው። ኤቢሲ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2018 የታየ፣ 7 ሲዝን፣ 155 ክፍል። ክፉዋ ንግሥት ሬጂና የስኖው ዋይትን ደስታ ላጥፋ ብላ የተረቱን ዓለም ሰው በእርግማን ጠራርጋ ታነሳና ሜይን ግዛት ውስጥ ስቶሪብሩክ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ትደፋዋለች። ሰዎቹ ማን እንደነበሩ ረስተዋል። የከተማው ሰዓት 8:15 ላይ ቀጥ ብሏል። እንዲህ ሆነው 28 ዓመት። ከዚያ ሬጂና የምታሳድገው የ10 ዓመቱ ሄንሪ ወላጅ እናቱን ኤማ ስዋንን ፈልጎ ያመጣታል፣ ሰዓቱም መቁጠር ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ ተረት ነው፤ ገብቶኛል።

እኛ ልጆች ሆነን «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን አፋችንን ዘግተን እንሰማ ነበር። ላሟ የማን ናት፣ በረቱንስ ማን አጠረው ያለ ልጅ አላስታውስም። እህቴ ግን መርማሪ ናት። የምትመረምረውን መምረጥ ላይ ነው ጥበቧ። ቤተ መጻሕፍቱ ሥር ዘንዶ ተገኘ፣ ምንም አላለችም። ልብ ከደረት ወጥቶ ሳጥን ውስጥ እየመታ ተቀመጠ፣ ባለቤቱም ያለ ልቡ ወጥቶ ገባ፣ ሥራ ዋለ፣ ምንም አላለችም። ኤማ ያቺን ቀይ የቆዳ ጃኬት እንደገና ለብሳ ብቅ ስትል ግን ድራማውን አቆመችው። በቃ አቆመችው፤ ሪሞቱን ከጭኗ ሥር አውጥታ፣ ጠቅ። ኤማ አንድ ዓይኗ ተጨፍኖ አንዱ ግማሽ ተከፍቶ ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች። እህቴ ተነስታ ሄዳ ጃኬቱን በጣቷ እየጠቆመች፣ «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚታጠበው?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

«የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ትንሽ እንኳ እውነት ይምሰል እንጂ!»

እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ተመልካች ስንት ደራሲ አለቀሰለት።

ዝምድና ቆጠራ ላይማ አትደረስባትም። ቤተሰብ ስንሰበሰብ የአክስታችንን ልጅ ስም ሁለቴ አሳስታ የጠራች ልጅ፣ የሄንሪን የዘር ሐረግ ወረቀት ላይ ሥላ ቁምሳጥኗ ላይ ለጥፋዋለች። አንድ ቀን እንድታስረዳኝ ፈቀድኩላት። ሬጂና የሄንሪ አሳዳጊ እናት ናት። ጥሩ። ሬጂና የስኖው ዋይት እንጀራ እናት ናት። ጥሩ። ስኖው ዋይት የኤማ እናት ናት፣ ኤማ ደግሞ የሄንሪ ወላጅ እናት። ስለዚህ ስኖው አያቱ ናት፣ ሬጂና ደግሞ እናቱም ሆና የእንጀራ ቅድመ አያቱም ናት። እዚህ ላይ ውሃ ጠጣሁ። የሄንሪ አባት ኒል የአስማተኛው የራምፕልስቲልትስኪን ልጅ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው አያቱ ነው። የራምፕልስቲልትስኪን አባት ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፒተር ፓን። ያ የማያድገው ልጅ የሄንሪ ቅድመ አያት ነው፤ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ደግሞ የልጅ ልጁን ልጅ ልብ ሊወስድ ሲሯሯጥ ይከርማል። ካፒቴን ሁክ በአንድ ወቅት የራምፕልስቲልትስኪንን ሚስት ይዞ የጠፋ ሰው ነው። ያቺ ሚስት የኒል እናት ናት። ይኸው ሁክ በኋላ ኤማን ያገባል። ማለትም የልጁ የእንጀራ አባት የአያቱ ውሽማ የነበረው ነው። እህቴ ይህን ሁሉ ትንፋሽ ሳትውጥ ዘርዝራ ጨርሳ፣ «ቀላል ነው እኮ» አለችኝ።

ወደ ምሕረቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ነው ልቧ ስፋቱ የሚታየው። ሬጂና ክፉ የሆነችው በከንቱ አይደለም። ወጣት ሳለች ዳንኤል የሚባል የጋጣ ሠራተኛ ወድዳ አብራው ልትጠፋ ስትል፣ ስኖው ዋይት ምስጢሩን ለሬጂና እናት ትናገራለች፤ እናትየዋም ልጁን ትገድለዋለች። ስኖው ያኔ ሕፃን ናት። ተታልላ ነው የተናገረችው፤ ለሬጂና ያሰበች መስሏት። እኔ የሞኝ አስተያየቴን ሰጠሁ፣ «ታዲያ ጥፋቱ የእናትየዋ አይደል? ልጅ አይፈረድበትም» አልኩ። እህቴ እንደ ዳኛ ቀና ብላ አየችኝ። «ምስጢር ምስጢር ነው። አትናገሪ ተብላለች» አለች። ይግባኝ የለም፣ መዝገቡ ተዘጋ።

በዚህ ሕግ ስንቱ ነፃ ወጣ መሰላችሁ። ሬጂና መንደር ሙሉ ሰው ታስጨርሳለች፤ የዚያን ቀን ከፍቷት ነበር። ሁክ የራምፕልስቲልትስኪንን ፍቅረኛ ቤልን ከኋላዋ ተኩሶ ይመታታል፣ ምስኪኗም የከተማውን ድንበር አልፋ ወድቃ ማን እንደሆነች ትረሳለች፤ እሱ ግን ኩል ተኩሏል፣ ጥቁር ቆዳ ለብሷል፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ እንዴት ይጨከናል? (ኩሉን ባይኳል የስንት ዓመት ቅጣት ይበየንበት እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ።) ስኖው ዋይት ደግሞ ሁለተኛው ሲዝን ላይ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተንኮል ሠርታ የሬጂናን እናት ታስገድላለች። ያቺው ዳንኤልን የገደለችውን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጥፋቷ እንቅልፍ ነስቷት አልጋ ትይዛለች። እህቴ እጇን አጣምራ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከሷ ይሄን አልጠበቅኩም።»

ቃል አክባሪነቷም የሚያስቀና ነው። ድራማው ሲተላለፍ ስንት ጊዜ እንደማለች ቆጥሬ አልጨርስም። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ኒል ሲሞት፣ «ጨረስኩ፣ ሁለተኛ አላየውም» ብላ ማለች። በሳምንቱ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ ቀብሩን ልታይ ነው። በ2014 ኤልሳን ሲያመጧት፣ ያችን የበረዶዋን፣ «ፍሮዘን» የሚባለው ፊልሟ በወጣ በዓመቱ፣ «ይሄማ ንግድ ነው፣ ንቀውናል» ብላ እንደገና ማለች፤ የዚያን ሰሞን ጠጉሯን እንደ ኤልሳ በአንድ በኩል ጎንጉና ነበር የምትዞረው። አምስተኛው ላይ ሁክ ሞቶ እሱን ፍለጋ ሁሉም ሙታን አገር ድረስ ወርደው እሱ ሲመለስ፣ ሮቢን ሁድ ግን ነፍሱ ጭምር እንደ ጢስ በንኖ ሲቀር፣ መሐላው ለሁለት ቀን ተኩል ጸና። በ2017 ኤማን የምትሠራዋ ተዋናይት ከስድስተኛው ሲዝን በኋላ ዋና ሚናዋን ስትለቅም ተመሳሳይ ነው፤ «ያለ ኤማ ምን ሊሆን?» አለችና የሰባተኛውን ሲዝን 22ቱንም ክፍል አየች። ምን እንዳደረጉት ለማወቅ ነው። ካላዩት እንዴት ይጠሉታል አይነት ነገር።

የጥንዶቹን ጦርነት በአጭሩ ልለፈው፣ ጉዳዩ ደም ያፋስሳል። ኤማ ለሁክ ነው የምትገባው የሚሉ አሉ፣ ለሬጂና ነው የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገን ስም አለው፣ ታሪክ አለው፣ ከዳተኛ አለው። ተያይተው የማያውቁ ሰዎች የሌለች ሴት ማንን ትሳም በሚል ዓመታት ተሰዳድበዋል፣ እህቴም ድርሻዋን አበርክታለች። ስኖው ዋይትና ልዑሉን ሆነው የሚሠሩት ሁለቱ ተዋንያን ግን ድራማው ላይ ተገናኝተው በ2014 በእውነት ተጋቡ። ማንም አልተጣላበትም። እህቴ ብቻ፣ «እኔ ከመጀመሪያው ክፍል አውቄ ነበር» ብላ እንደ አገናኝ ሽማግሌ ደረቷን ነፋች።

አሁን ዋናው ደስታዋ ሌላ ሆኗል። ራሷ አይታ ጨርሳዋለች፤ ስለዚህ ያላየ ሰው ፈልጋ ታሳያለች። ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዋን አጥምዳ አምጥታለች። ልጅቷ ስክሪኑን ታያለች፣ እህቴ ልጅቷን ታያለች። ሶፋው ላይ ወደ ጎን ዞራ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ስልኳን ውሃ መጠጫው ላይ አስደግፋ እየቀረፀች። የመጀመሪያው ሲዝን ሰባተኛ ክፍል ላይ ነበሩ። ሸሪፉ ግራሃም ማንነቱን ሊያስታውስ ነው፣ ኤማን ሳማት፣ ልጅቷ ፈገግ አለች። እህቴ ትንፋሿን ዋጠች። ሬጂና ሳጥኑን ከፍታ ልቡን በእጇ ጨመቀችው፣ ግራሃም ኤማ እጅ ላይ ወደቀ፣ ልጅቷ «እንዴ!» ብላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ እህቴ ደስታዋን መቻል አቅቷት ትራሱን ነከሰች። ሰው ሞቶ እንዲህ የሚደሰት ሰው ሌላ ቦታ ብናይ ለፖሊስ እንደውላለን። ከዚያ ያንን የ11 ሰከንድ ቪዲዮ አራት ጊዜ ደጋግማ አሳየችኝ። «ዓይኗን እየው፣ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ ነው የገባት።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሦስተኛው ሲዝን መሀል ደረሱ። እኔ ቻርጀር ፍለጋ ሳሎን ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ኒልን አየሁት። ከ155ቱ ክፍል በእህቴ ጩኸት ብዛት በግድ የተማርኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝና፣ ጨዋታ ለማምጣት ያህል፣ «እ፣ ይሄ የሚሞትበት ነው?» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ እህቴ ዞረች። እህቴ ወደኔ። ስልኩ ውሃ መጠጫው ላይ ተደግፎ እየቀረፀ ነው፤ የተቀረፀው የኔ ፊት ነው።

ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው። አታናግረኝም። ምግብ ላይ ጨው ስጪኝ ብላት ለእናታችን ነው የምታቀብለው፣ እናታችን ለእኔ። እኔ የማንንም ልብ አልነቀልኩም። አባት አልገደልኩም፣ መንደር አላስጨረስኩም፣ ሴት ከኋላዋ አልተኮስኩም። ኩል መኳል ይሻለኝ እንደሆነም አስቤበታለሁ።

ትናንት ማታ በሯን አንኳኳሁ። «እሺ ሬጂናን ስንት ቀን ነው ያኮረፍሻት? መንደሩን ሙሉ ስታስጨርስ?» አልኳት።

መልስ የለም። ውስጥ የድራማው መግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምራዋለች። ልሄድ ስል ሙዚቃው ቆመ። ጠቅ።

«እሷ ሰው ገደለች እንጂ ማን እንደሚሞት አልተናገረችም» አለችኝ፣ በሩን ሳትከፍት።