ሌቪቴቴን የበላው ዲኤም

ፍረዱኝ። እሁድ እሁድ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የምንጫወተው የእሁዱ ግሩፕ ልጆች ዛሬ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ያልነበራችሁ አንብባችሁ ፍረዱ። ጨዋታው በወሬና በዳይስ የሚጫወቱት የጀብዱ ታሪክ ነው፤ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ አለን፣ የእኔዋ ዊዛርድ፣ አስማተኛ ናት። ታሪኩን የሚመራው፣ ሕጉን የሚዳኘው፣ ሌላውን ሁሉ ሆኖ የሚጫወተው ዲኤም ይባላል፤ የእኛው ቲቸር ነው። ገና ኮዬ ፈጬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ቤት እስክገባ መታገሥ አልቻልኩም።

አንድ ድዋርፍ፣ የአንዱን ጓደኛችንን ድንክ ገጸ ባሕርይ፣ ገደል ላሻግር ነው ያልኩት። ዘንዶ ልግደል አላልኩም። አንድ ድዋርፍ፣ 40 ጫማ፣ 12 ሜትር ገደማ የሆነ ገደል።

ድልድዩ ተበጥሷል። ሮጋችን፣ ሌባው፣ ቀድሞ ተሻግሮ ገመዱን ማዶ ካለ የዛፍ ጉቶ ጋር አስሮታል። በእኛ በኩል ደግሞ ከድንጋይ ጋር አስረን ወጥረነዋል። ድዋርፉ ቆስሎ ሂት ፖይንቱ፣ የሕይወት ነጥቡ፣ 19 ቀርቷል፤ ፈዋሿ ክሌሪካችን ለቅሶ ሄዳ የለችም። ይሄኔ ቲቸር "ጉቶው በስብሷል፣ የሰው ክብደት አይችልም" አለ። እሺ! በዚህ ቅር አይለኝም። ጥሩ ዲኤም ነገር ማክበድ አለበት። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ መልሱ እጄ ላይ ነበራ።

ጉቶው ክብደት አይችልም? ክብደቱን እኔ እይዝልሃለሁ። ሌቪቴት! አየር ላይ የሚያንሳፍፈው ስፔሌ፣ አስማቴ።

ሂሳቡን እዩልኝ። ድዋርፍ 150 ፓውንድ ገደማ ነው። የለበሰው የሰንሰለት ጥሩር 55። ድምሩ 205። ሌቪቴት እስከ 500 ፓውንድ ያነሳል፣ በኪሎ ወደ 227። አስር ጀሪካን ሙሉ ውሃ አንስቶ ይተርፈዋል ማለት ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ ውሃ በፈረቃ የምትጠብቁ ሰዎች፣ ይሄ ስፔል ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስፔሉ ወደ ጎን አይወስድም። አውቃለሁ! እንደዚህ ስፔል ያጠናሁት ነገር የለም። በአንድ ተራ 20 ጫማ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ እሱም ከ60 ጫማ ሳይርቅ። ግን ጽሑፉ እዚያ ላይ አያበቃም። የተንሳፈፈው ሰው እጁ የሚደርስበት የማይነቃነቅ ነገር ካገኘ፣ እንደ ግድግዳ ወይም እንደ ጣሪያ ያለ፣ እሱን እየገፋ ወይም እየሳበ ልክ እንደሚወጣ ሰው መሄድ ይችላል። ተጽፏል። የተወጠረው ገመድ ደግሞ ደረቱ ፊት ነው። የድዋርፍ ፍጥነት 25 ጫማ ነው፤ መውጣት በግማሽ ይቀንሰዋል፤ በአራት ተራ ማዶ ነው። ስፔሉ የሚቆየው 10 ደቂቃ፣ 100 ራውንድ፣ ማለት 100 ተራ። ከመቶ አራቱን ነው የጠየቅኩት!

እና ቲቸር ፊዚክስ አስተማሪ ነው። ክብደቱን ስፔሉ ከያዘው ጉቶው ላይ የሚቀረው የእጁ መሳብ ብቻ ነው። ይሄን ሰኞ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሳለ ለተማሪዎቹ ያስተምራል። እሁድ ከሰዓት ግን እንዲህ አለኝ፤

"ሌቪቴት ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው።"

"አውቃለሁ ቲቸር። ወደ ጎን የምወስደው እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ገመዱን እየሳበ ነው።"

"ገመድ ግድግዳ ነው?"

"እንደ ግድግዳ ያለ ነው የሚለው። የማይነቃነቅ ከሆነ ይበቃል።"

"ገመድ ይነቃነቃል።"

"ተወጥሮ ታስሯል እኮ! በሁለቱም በኩል!"

ከዚያ ያቺን የካርቶን ስክሪኑን አስተካከለ። ድምፁን ክፍል ውስጥ እንዳለ አደረገው። "ስሚ፣ ይሄ በገመድ የሚጎተት የተበላሸ ሚኒባስ አይደለም። መብረር ካማረሽ ሌቭል 5 ግቢና ፍላይ ያዢ። እስከዛ እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ።"

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። ድዋርፉ ራሱ ሳቀ! ወንድሜ፣ ለአንተ ብዬ እኮ ነው የምጨቃጨቀው!

ቆይ፣ የባሰውን ስሙ። "እሺ፣ ስፔሉንስ ትመልስልኛለህ?" አልኩት። "ካስት አድርገሻል፣ ስሎቱ ሄዷል" አለ። ሌቭል 4 ዊዛርድ ያለኝ የሁለተኛ ደረጃ ስሎት፣ ማለትም ስፔል የመጠቀሚያ ዕድል፣ ሶስት ነው። አንዱን ቁጭ ብሎ በላው።

እና ጉሉን ረስቶታል? እኔ አልረሳሁም። መቃብር ቤቱ ውስጥ ያ ሬሳ በሊታ ሲመጣብን በሌቪቴት ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሴቩን፣ ከስፔሉ የማምለጫ ዳይሱን፣ ወደቀ። ጉል ቀስት የለው፣ ጦር የለው፤ ጥፍሩ ካልደረሰብህ ምንም አያመጣም። አየር ላይ እግሩን እያወራጨ ቀርቶ ነበር፤ ሬንጀራችን ቀስቱን እየሳበ ነበር። ያኔ ቲቸር ምን አለ? "የጣሪያውን ማገር ይዞ እየተንጠላጠለ ወደ አንቺ ይመጣል።" መጣ! ማገር ማገሩን ይዞ አናቴ ላይ ደረሰ፣ በጥፍሩ ጫረኝ፣ ደርቄ ቀረሁ፣ ስፔሉን ይዞ የሚያቆየው ኮንሰንትሬሽኔ ጠፋ፣ እሱ ቀስ ብሎ መሬት አረፈ። ያን ቀን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሕጉ ነዋ! እየሳቡ መሄድ ይቻላል። ለጉል ይቻላል፣ ለድዋርፍ አይቻልም? ማገር ለእነሱ፣ ገመድ ለእኛ የተከለከለ?

እኔ ደግሞ ሕግ የምጥስ ሰው አይደለሁም። የወፍጮ ድንጋዩን አንስተሽ ጭንቅላታቸው ላይ ልቀቂው ሲሉኝ አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ስፔሉ ሲያልቅ ያነሳው ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ አይወድቅም። የከተማውን በር አንሽው ሲሉኝም እምቢ ብያለሁ፤ በር ማጠፊያው ላይ ተይዟል፣ ስፔሉ የሚያነሳው ያልታሰረ ነገር ነው። ይሄን ስፔል የምወደውም ለዚህ ነው። ፍላይ የሚያዝናና ነገር የለውም፤ ብድግ ብለህ ትሄዳለህ፣ አለቀ። ሌቪቴት ግን ያሳስብሃል። ገመድ ያስፈልግሃል፣ ጓደኛ ያስፈልግሃል፣ የምትይዘው ነገር ያስፈልግሃል። ጋይጋክስና አርነሰን ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡትም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነበር። በሦስተኛው እትም ላይ ተንሳፍፎ የሚዋጋ ሰው እየተወዛወዘ ከጥቃቱ ከአንድ ጀምሮ እስከ አምስት ይቀነስበት ነበር። ሰዎች በዚህ ስፔል ላይ ሃምሳ ዓመት ጭንቅላታቸውን ሲያዞሩ ኖረዋል። ቲቸር በሚኒባስ ዘጋው።

ማዘር ቡና ይዘው ሲገቡ "ምንድነው ልጆቼ እንዲህ የሚያጨቃጭቃችሁ?" አሉ። ነገርኳቸው። የሞጣ ሰው ናቸው። "እኛ አገር ሰባራ ድልድይ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር አልነበር እንዴ? አየር ላይ ከቆመማ ምን ያቅተዋል?" አሉ። ቀድተውልን ወጡ። ዳይስ ነክተው የማያውቁ እናት በአንድ ስኒ ቡና ገባቸው! እውነታቸውን ነው። ዓባይ ላይ የዚያ ድልድይ መሃሉ ተቆርጦ ስንት ዘመን ሰው ወዲህና ወዲያ ባሉ ሰዎች እጅ በገመድ ሲሳብ ኖሯል። ያለ ስፔል! ከነሙሉ ክብደቱ! ቲቸር ግን ስኒውን እያሽከረከረ "ያ ሌላ ነው" አለ። ምኑ ነው ሌላ?

ሳምንቱን ሙሉ አይቻልም ስባል ነው የምከርመው። ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ታክሲው ሞልቷል፣ አከራዬ ጨምሪ። "እንዲህ ብናደርግስ?" ብዬ ስናገር የሚሰማኝ ቦታ ያቺ እሁድ ከሰዓት ብቻ ናት። ለእሷ ብዬ ነው ከቱሉ ዲምቱ የምመጣው። ለእሷ ብዬ ነው በአንድ ስልክ ላይ ያለ መጽሐፍ ተራ ጠብቄ የማነበው። እዚያም አይቻልም ከተባልኩ የት ልሂድ?

ከዚያማ የሚሆነው ሆነ። ድዋርፉን አወረድኩት። ሌላ መንገድ ስላልነበረ ገመዱን እንዲሁ ያዘ፣ ከነክብደቱ። ጉቶው ተነቀለ። ገደሉ 60 ጫማ ነው፤ ለየ10 ጫማው አንድ ዲ6፣ ባለ ስድስት ፊት ዳይስ፣ በድምሩ ስድስት ዳይስ። መብራት ስለጠፋ በስልክ ባትሪ እያበራን ቆጠርነው። 24። ዜሮ ገባ። "የሚወድቀውን ሰው ቀስ የሚያደርገው ስፔል፣ ፌዘር ፎል የለሽም?" የምትሉኝ፣ የለኝም፤ በየከተማው ገበያ ስፔሉ የተጻፈበትን ስክሮል ስጠይቅ "አልቋል" የሚለኝ ነጋዴ ማን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ሁለት ጊዜ የሞት ሴቭ ጣለ፣ ሁለቱንም ወደቀ፤ ሶስት ከወደቀ ይሞታል። ሶስተኛውን ሳይጥል መሽቷል፣ ታክሲ ይጠፋል ተብሎ ተበተንን። ልጁ ቆሎውን እየቆረጠመ ዝም ብሎ ካራክተር ሺቱን፣ የገጸ ባሕርዩን ወረቀት፣ ያይ ነበር። አሁን አልሳቀም።

እሁድ እመጣለሁ። ያችን አንቀጽ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ፣ ከሥሯ አማርኛውን ጽፌ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንዳንድ እሰጣለሁ። ለማዘርም። የጉሉንም ቀን አነሳዋለሁ፤ ሬንጀሩ ምስክሬ ነው፣ እዚሁ ታግ አድርጌዋለሁ። ስሎቴም ይመለስልኛል። ያ ልጅ ሶስተኛውን ሴቭ ከወደቀ ግን፣ ቲቸር፣ አዲሱን ካራክተር ሺት ቁጭ ብለህ የምትሞላለት አንተ ነህ።