«አሁንም አላለቀም?»

ዛሬ ደግሞ ጎረቤቴ ገና ቡናው ሳይፈላ «ውይ፣ ይሄ ዳንቴል አሁንም አላለቀም?» አለችኝ። በቃ፣ ሰለቸኝ!

የሜትር ከሰማንያ አልጋ ልብስ እኮ ነው! በቀጭን የጥጥ ክር፣ በኪሮሽ። አበባው ለየብቻ ይሠራል፣ ከዚያ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ቆጠራው አንዴ ከተሳሳተ ጠርዙ ይሸበሸብና ተተርትሮ እንደገና ይጀመራል። የምሠራው ማታ ከሥራ ገብቼ፣ ልጆች አስተኝቼ፣ ያውም መብራት ካለ ነው። ግን ይጨምራል! ትናንት ያልነበረ ረድፍ ዛሬ አለ። ይሄን ለምን ማንም አያይም?

«መርካቶ ሞልቶ የለ፣ ገዝተሽ አትገላገዪም?» የሚሉኝስ? ከምኑ ነው የምገላገለው? ደከመኝ አልኩ? የኪሮሽ ሥራን እኮ ማሽን ያስመስለዋል እንጂ አይሠራውም። በርካሽ የገዛችሁት እውነተኛ ኪሮሽ ከሆነ፣ የሆነ ቦታ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ በእጇ ሠርታዋለች። ለሷ ስንት እንደደረሳት ማን ጠየቀ?

ደሞ «ልትሸጪው ነው?» ይመጣል። አልሸጠውም! የራሴ አልጋ ላይ ነው የሚነጠፈው። መቼ ያልቃል አትበሉኝ፣ የት ደረሰ በሉኝ፣ ዘርግቼ አሳያችኋለሁ።