በረዶ ሰባሪ መርከብ እንደ ቢላ አይቆርጥም

ወንድሜ፣ ትናንት ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ስንጠጣ «በረዶ ሰባሪ መርከብ በስለታም አፍንጫው በረዶውን እየቆረጠ ነው የሚሄደው» ብለህ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም። አፍንጫው ስለት የለውም፣ ከስሩ ወደ ኋላ የተጋደመ ነው። በረዶው ላይ ይወጣና በክብደቱ ተጭኖ ይሰብረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሰሜን ዋልታ የደረሰችው የአሜሪካዋ የምርምር በረዶ ሰባሪ መርከብ ሂሊም እንዲሁ ነው የምትሰብረው።

እንዲህ ባለ መርከብ ላይ ለሚሠሩ የምርምር ቴክኒሻኖች ግን ይሄ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ስብርባሪው ከመርከቡ ሆድ ስር ይንሸራተትና የባሕሩን ወለል በድምፅ የሚለካውን ሶናር ይጋርዳል፤ ጫጫታውም ይረብሸዋል። የተበላሸውን መረጃ ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ መልቀም የእነሱ ሥራ ነው። ከጥልቁ የወጣውንም የውሃ ናሙና ጠርሙሱ ውስጥ በረዶ ሳይሆን ቶሎ ወደ ሞቃት ክፍል ያስገቡታል።