ወጪው ያለው ባትሪው ላይ ነው
እዚህ ስለ ፀሐይ ኃይል የወጣው ጽሑፍ «የቤት ሶላር ወጪውን በ3 ዓመት ይመልሳል» ማለቱ ባትሪውን የዘነጋ ስሌት ነው። ኮምቦልቻ ዳር ባለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ያስተከልነው ፓነል አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ከመጥረግ በቀር ምንም ሳይጠይቀን 25 ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ የአሲድ ባትሪው ግን ኃይሉ ከግማሽ በታች እስኪወርድ ሌሊት ሌሊት ስለተጠቀምንበት በ3ኛው ዓመት ደክሞ ሌላ ለመግዛት ተገደናል። ከእኔ በፊት የጻፉት አስተያየት ሰጪ ሶላሩ «ምጣዱንም ይችላል» ብለዋል፤ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ወደ 3 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ስለሚስብ፣ በእንዲህ ያለ አነስተኛ ሶላር የማይታሰብ ነው። አብሲት ተጥሎ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ መብራት ሲጠፋ፣ እኛ ቤት ዛሬም የሚነደው ማገዶ ነው። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑና የስልክ ቻርጁ ግን፣ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲጠቁር ካልሆነ በቀር፣ ተቋርጠውብን አያውቁም።