ቀለሙ ይቆየን፣ ወለሉን እዩት

በርካሽ የተገዛ፣ ዓመታት ሜዳ ላይ የቆመ የ1965 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሙስታንግ ላይ የመጀመሪያው ብር ለምን ለቀለምና ለቸርኬ ይወጣል? እኮ ለምን?

ይህ መኪና መበስበስ የሚጀምረው ከላይ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ሳጥን ውስጥ ቅጠል ይከማቻል፣ እርጥበት ይቋጥራል፣ ላሜራው ይበላል። ከዚያ ዝናቡ በቀጥታ እግር ሥር ይወርዳል። ሳጥኑን ትቶ ወለሉን ብቻ ቆርጦ መበየድ ከንቱ ልፋት ነው፤ አዲሱም ወለል ይበሰብሳል። መፈተሻው ደግሞ ነጻ ነው፤ ምንጣፉን አንሥቶ፣ ሳጥኑ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሶ ታች ማየት። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ አካሉ ላይ ማስኬድም ነጻ ነው። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ (የላሜራ መሙያ) ነው፣ አለቀ።

የተጣበቀን ሞተር በሞተሪኖ (በማስነሻው) ማስገደድስ ምን ይሉታል? ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሲሊንደሩ ላይ ዝጎ ከሆነ መሰበሩ ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቶ፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ደባልቆ (ከእሳት አርቆ!) በየቀዳዳው ጨምሮ ጥቂት ቀን መታገሥ ነው። ከዚያ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) በረጅም ቁልፍ፣ በእጅ፣ ወዲህና ወዲያ ቀስ እያሉ ማላቀቅ።

ፍሬኑማ! እስከ 1966 ማስተር ሲሊንደሩ (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ባለ አንድ ክፍል ነበር፤ አንድ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። በ1967 የመጣው ባለ ሁለት ክፍል ዓይነት ይገጠምለታል። ግን ለብዙዎች ቸርኬው ይቀድማል።

የሰልባትዮው (የቤንዚን መያዣው) አናት ራሱ የኋላው ዕቃ መጫኛ ወለል ነው። ሳያወርዱት እዚያ ብየዳ የሚጀምሩትንማ ተዉኝ።