ጎረቤቱን የሚያማው ማሽን

ስለ ጎረቤት ማውራት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ነውር ነው የሚሉን ሰዎች ደግሞ የጎረቤት ወሬ ሲያነሱ ወደ ውጭ ሄደን እንድንጫወት ያዙን ነበር። ከዚህ ጣጣ ነፃ የሆነ አንድ ፍጡር ብቻ አውቃለሁ። ራውተር ይባላል፤ በኔትወርክ ላይ የሚላክ መልእክት በየት በኩል እንደሚሄድ የሚመራ መሣሪያ ነው። ሥራው ጎረቤቶቹን መቁጠርና ከእነሱ ጋር ያለው ነገር እንዴት እንደሆነ ለአገር ምድሩ መናገር ነው። አላወራም ካለ ይነቀላል።

ይህን የነገረኝ ኔትወርክ የሚሠራ ዘመዴ ነው። ኔትወርክ የሚሠራ ዘመድ ያለው የሐዋሳ ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ የዋይፋይ ፓስዎርድና ያልጠየቀው ማብራሪያ።

በኔትወርክ ዓለም ሁለት ዓይነት የወሬ ሥርዓት አለ። በመጀመሪያው እያንዳንዱ ራውተር ስለ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ለጎረቤቶቹ ብቻ ይናገራል። «እዚያ ቦታ በኔ በኩል ሦስት እርምጃ ነው» ይላል። አይቶት ነው? አላየውም። ጎረቤቱ ነግሮት ነው። ለጎረቤቱስ ማን ነገረው? የጎረቤቱ ጎረቤት። ሪፕ የሚባለው ፕሮቶኮል (ማለትም የራውተሮች መነጋገሪያ ሕግ) የሚሠራው እንዲህ ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው «በወሬ መመራት» እያሉ ያሾፉበታል።

ሐዋሳ ውስጥ ቤንዚን የሚፈለገው በዚሁ ሥርዓት ነው። አቶቴ ጋ ሁለት ባጃጆች መሀል መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። እኔ አንደኛው ውስጥ ከኋላ ተቀምጫለሁ።

«ቤንዚን አገኘህ?»

«አላገኘሁም። ግን መናኸሪያ ጋ ያለው ማደያ ገብቶለታል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ያ ቀዩ ልጅ ነዋ፣ ታቦር ጋ የሚቆመው።»

«እሱ እኮ ከኔ ነው የሰማው!»

«አንተስ ከማን ሰማህ?»

ሾፌሬ ዝም አለ። መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ከአንተ መሰለኝ» አለ።

ከዚያ ሁለቱም ወደ ማደያው ነዱ። ምናልባት ቢሆንስ?

ኔትወርክ ላይም ይኸው ይደርሳል። መንገዱ ሲቆረጥ አንዱ ራውተር «ግድ የለም፣ ጎረቤቴ ያውቀዋል፣ በሱ በኩል እሄዳለሁ» ይላል። ጎረቤቱ ደግሞ የሚያውቀው በራሱ በጠያቂው በኩል ነበር። እርስ በርስ እየተቀባበሉ ርቀቱን ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያሉ ይቆጥራሉ። ሪፕ ለዚህ ገደብ አበጅቷል። እስከ 15 እርምጃ ይታመናል፤ 16 ሲሆን «የማይደረስበት ነው፣ ተዉት» ይባላል። የኛ ሰው 16ኛው ላይ ሲደርስ «ከውስጥ አዋቂ ነው የሰማሁት» ይላል።

የኢንተርኔት አያት የሚባለው የአሜሪካው አርፓኔትም በ1969 ሲጀምር የሚመራው በዚህ ዓይነት ወሬ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) አሥር ዓመት ያህል ታገሱትና በ1979 ነገሩን ገለበጡት። ስለ ዓለም ለጎረቤትህ መንገር ቀርቶ፣ ስለ ጎረቤትህ ለዓለም ንገር ተባለ። ሊንክ ስቴት የሚባለው ይህ ነው። ከማን ጋር እንደተገናኘህና መንገዱ ስንት እንደሚያስከፍል ብቻ ተናገር። ያላየኸውን አታውራ። ይህ ሕግ እኛ ሰፈር ቢወጣ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምንሠራ እንጃ።

ሥርዓቱ የሚጀምረው በሰላምታ ነው። ኦኤስፒኤፍ የሚባለው ታዋቂ የሊንክ ስቴት ፕሮቶኮል በተለመደው አሠራሩ በየ10 ሰከንዱ ሰላም ይላል። ሰላምታው ውስጥ እስካሁን ሰላም ያሉትን የጎረቤቶቹን መለያ ይዘረዝራል። አንዱ ራሱን በሌላው ዝርዝር ውስጥ ካላገኘ ግንኙነቱ አልተጀመረም። «እኔ ሰምቼሃለሁ፣ አንተስ ሰምተኸኛል?» ነው ነገሩ። እኛ «ደህና ነህ? ሰላም ነው? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?» ስንባባል መልሱን ማን ይሰማል? ሞኖፖል ጋ አንድ የማውቀው ሰው «እንዴት ሰነበትክ?» ሲለኝ «አሞኝ ነበር» አልኩት። «ተመስገን፣ ተመስገን» ብሎኝ አለፈ።

ሰላምታው ለ40 ሰከንድ ከቀረ ጎረቤቱ እንደሞተ ይቆጠራል። ጭካኔ ይመስላል። ግን እኛም ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ስልክ ሊያነሳ ወጣ ሲል፣ ስሙን ከማንሳታችን በፊት የምንሰጠው ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። ደግሞ ሰላም የሚባባሉበት ጊዜ መመሳሰል አለበት። አንዱ በየ10 ሰከንዱ፣ ሌላው በየ30 ሰከንዱ ከሆነ በአንድ ኬብል ተሳስረው ዕድሜ ልካቸውን ባዳ ናቸው። «ሰላምታ ነሳችኝ» ብለው የተኳረፉ ሁለት የግቢያችን ሴቶች አሉ። ዘመዴ ጉዳዩን ሰምቶ «የታይመር ችግር ነው» አለ።

አሁን የታኅሣሥ ገብርኤልን እናስብ። በ19 ከየአገሩ ሰው ሐዋሳ ይገባል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ይዘጋል። በሊንክ ስቴት ቢሆን ይህን የሚናገሩት በመንገዱ ሁለት ጫፍ ያሉት ብቻ ናቸው፤ የሚያዩት እነሱ ናቸውና። መግለጫቸው ማን እንዳወጣውና ስንተኛው እንደሆነ ቁጥር ይዞ ይወጣል። የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ቁጥሩን ያያል። አዲስ ከሆነ ይመዘግበዋል፣ ከመጣበት በቀር ለሌሎቹ ጎረቤቶቹ ያስተላልፈዋል። የሰማው ከሆነ ዝም ይላል። ለነገረው ደግሞ «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል፤ ካልመለሰ ይደገምለታል።

ይህችን «የሰማው ከሆነ ዝም ይላል» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። እኛ ቡና ላይ የሰማነውን ወሬ ሁለተኛ ስንሰማ «ሰምቼዋለሁ» አንልም። ያስቀይማል። ዓይናችንን አፍጥጠን «ኧረ በመድኃኔዓለም!» እንላለን። ከዚያ ለነገረን ሰው ራሱ ጨማምረን እንመልስለታለን። ራውተር ግን አይጨምርም። የጎረቤቱን ቃል እንዳለ ነው የሚያሳልፈው፤ የምትቀየረው የወሬው ዕድሜ ብቻ ናት። እኛ ጋ «መንገድ ተዘጋ» ተብሎ የወጣ ነገር ታቦር ሲደርስ «ድልድይ ተሰበረ» ይሆናል። የትኛው ድልድይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ዕድሜ ካልን፣ ኦኤስፒኤፍ ውስጥ የወሬ ዕድሜ አንድ ሰዓት ነው። ባለቤቱ በየ30 ደቂቃው ያድሰዋል፤ ካላደሰው ይሰረዛል። ግቢያችን ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ዘመኗ ጀምሮ ወሬ የሚወራባት ልጅ አለች። አሁን አግብታ ልጇ ትምህርት ቤት ገብቷል። ወሬው ግን እንደ ትኩስ ዳቦ ነው። የሚያድሱት ሌሎች ናቸዋ! በሊንክ ስቴት ማደስ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውም እዚያ አይሠራም። በስሙ የወጣ የቆየ ወሬ ከሌላ ዞሮ ከመጣበት፣ ባለቤቱ ራሱ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጥቶ አዲስ መግለጫ ያወጣና ያርመዋል።

ሌላም አለ። አንድ ራውተር «ከእገሌ ጋር እንገናኛለን» ቢል ብቻውን አይታመንም። እገሌም «አዎ፣ እንገናኛለን» ካላለ ያቺ መስመር ስሌት ውስጥ አትገባም። እስቲ ይህን አሠራር ወደ ከተማችን አምጡት! «እዚያ ቢሮ ሰው አለኝ» የሚለው ሁሉ፣ ሰውየው ተጠይቆ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» እስኪል ድረስ ጉዳይ አስፈጻሚ አይሆንም። ፒያሳ ያሉ ግማሾቹ የማኪያቶ ጠረጴዛዎች ባዶ ይቀሩ ነበር።

ሁሉም የሁሉንም መግለጫ ሲሰበስብ እያንዳንዱ ራውተር አንድ ዓይነት ካርታ ይኖረዋል። ከዚያ መንገዱን ራሱ ያሰላል። ስሌቱ ኤድስገር ዳይክስትራ የሚባል የኔዘርላንድስ ሰው ሥራ ነው። በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ከእጮኛው ጋር ገበያ ሲዞሩ ደከማቸውና አንድ ካፌ ቁጭ አሉ። ቡና እየጠጣ፣ ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ አጭሩን መንገድ መፈለጊያ ዘዴ አወጣ። ያሳተመው በ1959 ነው። ከእጮኛ ጋር ተቀምጦ አጭር መንገድ የሚፈልግ ሰው ሐዋሳ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚሄዱ ጥንዶች የሚያሰሉት፣ አክስት የማታልፍበትን ረጅሙን ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ከራስህ ጀምር። በጣም ቅርብ የሆነውን ያዝ። በሱ በኩል የሚደረስባቸውን ጨምር። ካልተያዙት ውስጥ ደግሞ ቅርቡን ያዝ። እንዲህ እያልክ ጨርስ። ቅርበቱ የሚለካው በሜትር አይደለም፣ በዋጋ ነው። በተለመደው ስሌት በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚያሳልፍ መስመር ዋጋው 1፣ 10 ሜጋ ቢት የሚያሳልፍ ደግሞ 10 ነው። ስለዚህ በሦስት ፈጣን መስመር መዞር በአንድ ቀርፋፋ ቀጥታ ከመሄድ ይሻላል። የባጃጅ ሾፌሮች ይህን በተፈጥሮ ያውቁታል። ሒሳቡን ሲጠይቁ ግን በሜትር ነው።

አንድ መስመር ላይ ብዙ ራውተር ሲሰበሰብስ? 10 ቢሆኑ 45 ጥንድ ነው፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ካወራ አያልቅም። ስለዚህ ተጠሪና ምክትል ይመርጣሉ። ከተመረጠ በኋላ የበለጠ ብቁ ቢመጣ እንኳ ተጠሪው በሕይወት እስካለ ወንበሩን አይለቅም። ይህን ስሰማ ስለ ዕድራችን ሊቀመንበር አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

እንዲህ የተጣራ ሥርዓት ነው እንግዲህ ጉድ የሆነው። ቀኑ ኦክቶበር 27፣ 1980 ነው። አርፓኔት ላይ የመግለጫ ቁጥሮች ከ0 እስከ 63 ሄደው ተመልሰው 0 ይላሉ። የትኛው አዲስ እንደሆነ የሚለየው በመካከላቸው ባለው ልዩነት ነው። 29 ቁጥር የሚባለው መሣሪያ አሞት ኖሮ የጎረቤቱን የ50ን መግለጫ አዛባው። ቁጥራቸው 8፣ 40 እና 44 የሆኑ ሦስት ቅጂዎች ወጡ። 40 ከ8 አዲስ ነው። 44 ከ40 አዲስ ነው። 8 ደግሞ ዞሮ ከ44 አዲስ ሆነ። መሣሪያዎቹ ሁሉ «ይህ አዲስ ነው! ይህም አዲስ ነው!» እያሉ ሦስቱን ወሬ ሲቀባበሉ ሌላ ሥራ መሥራት አቃታቸው። ኔትወርኩ ለሰዓታት ተዘጋ።

የተበላሸው 29 ነው፤ ስሙ የጠፋው ግን የ50 ነው። መሐንዲሶቹም ለየመሣሪያው የላኩት ትእዛዝ «ከ50 መጣ የተባለ መግለጫ አትቀበሉ» የሚል ነበር። ኔትወርኩም ነፍስ ዘራ። ከዚያ በኋላ በመጡት ፕሮቶኮሎች ቁጥሩ ዞሮ እንዳይመለስ፣ መልእክቱም መዛባቱ እንዲጣራ ተደረገ።

ግቢያችንም በአንዲት እትዬ ላይ እንዲህ ዓይነት ውሳኔ አስተላልፎ ያውቃል። ከሳቸው የመጣ ወሬ አይሰማም፣ አይተላለፍም ተባለ። ሁሉም ተስማማ። ለጥቂት ቀን ጸጥ አለ። ችግሩ፣ ጀበናው የሳቸው ነው።