ከሰርግ በፊት የሚሸጠው ፓኬጅና የእኛ ቆዳ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ሜዲካል ስፓዎች ሌዘር፣ ፒሊንግ (የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጥ)፣ ማይክሮኒድሊንግ (ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች መውጋት) እና ቦቶክስ (ጡንቻ አላልቶ የፊት መጨማደድን የሚቀንስ መርፌ) በአንድ ዋጋ አጣምረው ይሸጣሉ። ለሰርግ ወይም ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚሄድ ወገናችንም ይገዛል። ማጣመሩ በራሱ ችግር የለውም። የእኛን ቆዳ የሚያበላሸው የቅደም ተከተሉ መዛባትና የጊዜው መጣበብ ነው።

የአብዛኞቻችን ቆዳ ቆዳን ከነጭ እስከ ጥቁር ከ1 እስከ 6 በሚከፍለው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ ከ4 እስከ 6 ይመደባል። እንዲህ ያለ ቆዳ ከተቆጣ ቁስሉ ድኖም ጥቁረቱ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ያልተፈለገ ጸጉር ለማስወገድ የብርሃን ሞገዱ 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ ሌዘር ይመረጣል፤ የ755ቱን አሌክሳንድራይት ጉልበት ግን የቆዳው ቀለም ስለሚስበው በቀላሉ ያቃጥላል። ማድያት ያለበትን ፊት ደግሞ ሙቀት ራሱ ያብስበታል።

ፒሊንግ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ20 እስከ 30 በመቶ የሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ ሲቀባ ፊት ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል፤ ደርቆ የቀረ አሲድ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ተጠርጎ የማይለቅ ንጣት ከታየ ግን አሲዱ ጠልቋል። ግላይኮሊክ ከሆነ ሰዓት ተይዞ በሶዲየም ባይካርቦኔት መገታት አለበት። ባለሙያው የሚጠብቀው ምልክት መቅላት ነው፤ ጥቁር ፊት ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፣ ይጠቁራል ወይም አመድ ይመስላል። በነጭ ፊት ብቻ የሰለጠነ እጅ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው።

ሌዘርና ቦቶክስ በአንድ ቀን ከሆኑ ሌዘሩ ይቀድማል። ከመርፌው በኋላ ፊት ማሸት መድኃኒቱን ወዳልታሰበ ጡንቻ ሊወስደው ስለሚችል ፌሻሉም ቀድሞ ይለቅ። በቅንድብ መሀል የተለመደው 20 ዩኒት በ5 ቦታ ነው፤ ሙሉ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ይታያል። ፒሊንግና ማይክሮኒድሊንግ ግን በእኛ ቆዳ ላይ ቢያንስ 4 ሳምንት ይራራቁ፤ ሬቲኖልም (ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ቅባት) ከሕክምናው ከሳምንት በፊት ይቁም።

አዲስ አበባም የሌዘር ማሽኑ ገብቷል። እዚያ የሚያሳስበኝ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ለወራት የተቀባው ፊት ስለሚሳሳ ፒሊንግ ሲጨመርበት ይቆስላል፤ ቅባቱ በአንዴ ሲቆምም ፊቱ በብጉርና በመቅላት ያገረሽበታል። «ትንሽ ክሬም እቀባለሁ» ለምትል ደንበኛ ቱቦውን አምጪው ማለት ያስፈልጋል። እንዲህ የተጎዳ ቆዳ ቦታው እንደ አለርት ሆስፒታል ያለ የቆዳ ሐኪም ያለበት እንጂ ሳሎን አይደለም።

ጸሐዩም ይለያል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የመጨረሻው ፒሊንግ ከበረራው ከ4 ሳምንት በፊት ይለቅ። የጸሐይ መከላከያው ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ፣ ማድያት ላለበት ደግሞ የብረት ኦክሳይድ ቀለም ያለው ይሁን፤ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ተቀብቶ ውጭ ሲዋል በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።